ጭላዳ በኤርብራሽ፦ በደብረ ብርሃን ደረቅ አየር ቀጭን መስመር ማውጣት

በኤርብራሽ፣ እንደ ብዕር በሚያዝ ትንሽ የቀለም መርጫ፣ የሣልኩት የጭላዳ ጎፈር በመጨረሻ ጸጉር ሆነ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ጠጋ ሲሉት ግን ጉም ነው። ይኼኛው የአይሱዙ በር ላይ ሆኖ በጣርማ በር በኩል ደሴ ይመላለሳል፤ ጠጋ ብላችሁ ጸጉሩን አንድ በአንድ መለየት ትችላላችሁ። ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

ጅምሩን አላንዛዛውም። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም የመጣሁት ከመኪና ቀለም ሽጉጥ ነው። ከዚያ ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም የሚሰጠውን ኤርብራሽ ያዝኩ፤ ወረቀት ላይ ነጥብ መደርደር፣ ነጥብን ከነጥብ ማገናኘት። ያሰለቻል፣ ግን አይዘለልም። እጅ ቀለሙ ሳይመጣ መንቀሳቀስ መጀመር አለበት፣ ቀለሙ ከተዘጋ በኋላም ትንሽ መቀጠል አለበት። አለዚያ እያንዳንዱ ጸጉር ጫፍና ጫፉ ላይ ነጥብ ይዞ ይቀራል።

መስመር አልቀጥን ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው የኤርብራሹን መርፌ ነው፤ «ባለ 0.2 ሚሊሜትር ቢኖረኝ» ይላል። አልስማማም። ይህ ጎፈር የተሠራው በ0.3 ነው። ባለ 0.2 አፉ ጠባብ ስለሆነ በትንሹ ይደፈናል። መስመር የሚቀጥነው የቀለሙ ቅጥነት፣ የአየሩ ግፊትና ከበሩ ያለው ርቀት ሲስማሙ ነው። ሰፊ ቦታ ስሸፍን ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ የአየር ግፊት እጠቀማለሁ፤ ለጸጉር ግን ከ10 እስከ 15 አወርደዋለሁ፣ አፉንም ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀር አስጠጋዋለሁ። «ቀለሙ እንደ ወተት ይቅጠን» የሚባለው ለሽፋን ነው፤ ለጸጉር ከዚያም ይቅጠን። ግፊቱን ሳትቀንሱ ካቀጠናችሁት ግን ቀለሙ በሩ ላይ እንደ ሸረሪት እግር እያወጣ ይበተናል። ግፊቱን ቀንሳችሁ ቀለሙን ወፍራም ከተዋችሁት ደግሞ ነጠብጣብ ይተፋል።

አሁን ደሜን ሲያፈላው ወደ ከረመው ጉዳይ ልምጣ፦ መርፌው ጫፍ ላይ የሚደርቅ ቀለም።

ቪዲዮ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ የኤርብራሹን የቀለም ኩባያ ሞልቶ ሳያቋርጥ ሲሠራ ታያላችሁ። እስቲ በጥር ደብረ ብርሃን መጥቶ ይሞክረው! ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አያርፍም፣ ውሃ ወዲያው ይተናል። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ደግሞ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይመለስም። ጸጉር ስትሠሩ ቀለም የሚለቀውን ማንሻ የምትስቡት በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በመርፌው ጫፍ የሚያልፈው ቀለም ኢምንት ነው፣ አየሩ ግን ያለማቋረጥ ይነፍስበታል። ቀለሙ እዚያው ይደርቃል። መስመሩ ሲደበዝዝባችሁ ሳይታወቃችሁ ማንሻውን ትንሽ ትስባላችሁ። ያኔ የደረቀው ይገነጠልና ጡብ! ጨርሰነዋል ባላችሁት ጎፈር መሀል ጥቁር ጠብታ። ነጭ ቀለም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ለጎፈሩ ጫፍ የግድ ባያስፈልገኝ ኖሮ ኩባያዬ ውስጥ አላስገባውም ነበር።

መፍትሔ ተብሎ የሚወራው ሁሉ እኩል አይሠራም። የቀለሙን መድረቅ የሚያዘገየው ሪታርደር ከተገኘ ጥቂት ጠብታ ጥሩ ነው። ሲጠፋ ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝተው የሚጨምሩ አሉ፤ እኔም ለልምምድ ወረቀት ላይ እጠቀምበታለሁ። ክሊር (መጨረሻ የሚነፋው አንጸባራቂ መከላከያ) በሚነፋበት በር ላይ ግን ብሞት አላደርገውም፤ ግሊሰሪን አይተንም፣ ከሥር ይቀራል።

የእኔ መድኃኒት ተራ ነገር ነው፦ ያረጀ ለስላሳ ብሩሽ፣ በማጽጃ የራሰ፣ በግራ እጄ። ጥቂት ጸጉር ሠርቼ የመርፌውን ጫፍ በብሩሹ እነካዋለሁ፣ በሩ ጎን በለጠፍኩት ወረቀት ላይ አንዴ እነፋለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። ጠብታው ቢመጣም የሚመጣው ወረቀቱ ላይ ነው። ለመጥረግ እንዲመች የመርፌውን ቆብ አወልቃለሁ፤ መርፌው እርቃኑን ስለሚቀር ግን ትንሽ ግጭት ይበቃዋል። መስመሩ ወደ አንድ ጎን መሸሽ ከጀመረ ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፤ ከቧጨራችሁ ታጥፏል።

ሰዓትም ይመረጣል። ጠዋት ውርጭ ያደረበት ቆርቆሮ ላይ ቀለሙ ቶሎ አይዝም፣ ይንሸራተታል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይነሳል። እኔ ጸጉር የምሠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው። ክረምት ሲገባ መድረቁ ይቀንስና በተራው ውሃ ያስቸግራል፤ የኮምፕሬሰሩን ታንክ ከሥሩ ከፍታችሁ ካላፈሰሳችሁት በቱቦው መጥቶ ሥራው ላይ ይተፋል። ብርዱን ፈርታችሁ ደግሞ በር ዘግታችሁ ናይትሮ ቲነር (የመኪና ቀለም ማቅጠኛ) አትንፉ። የአቧራ ማስክ ለዚያ ሽታ ምንም አይፈይድም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለውን ፈልጉ።

አሠራሩን ለጠየቃችሁኝ፦ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ በላዩ ወርቃማ ጸጉር፣ ከዚያ ሁሉን የሚያስተሳስር በጣም ስስ ቡናማ፣ መጨረሻ ጫፍ ጫፉን ነጣ ያለ። የደረቱ ቀይ በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣበት መሸፈኛ) ነው። የዓይኑን ብልጭታ ደግሞ በተራ ቀጭን ብሩሽ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሁሉም በኤርብራሽ ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ቀጣዩ የጓሳው ቀይ ቀበሮ ነው። የእሱ ጸጉር አጭር ነው፤ የሞከራችሁ ካላችሁ ጸጉር በጸጉር ነው የሄዳችሁት ወይስ በጥላ ብቻ አወጣችሁት?