ፓርቲ የሌለበት ምርጫ

አር ጄ ሲምፕሰን የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ፕሪሚየር፣ ማለትም የግዛታችን መንግሥት መሪ፣ ሆኑ። እኔ አልመረጥኳቸውም። ብፈልግም አልችልም ነበር። እዚህ ሰሜን ካናዳ ምክር ቤታችን ውስጥ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። 19ኙም ተመራጮች በየግላቸው ተወዳድረው ይገባሉ። ከዚያ እርስ በርሳቸው፣ በሚስጥር ድምፅ፣ መሪያቸውን ይመርጣሉ። ሲምፕሰንም ዲሴምበር 7 ቀን 2023 የተመረጡት እንዲሁ ነው።

ነገሩ ይከነክነኛል። የግዛቱን ትልቅ ሥልጣን የሚይዘውን ሰው ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። የፓርቲ ፕሮግራም ስለሌለም፣ ድምፄን ስሰጥ የሚመጣው መንግሥት ምን እንዳሰበ አላውቅም። አንድ ሰው አምኜ ነው የምልከው።

ቢሆንም ልቤ ወደዚህ አሠራር ያደላል። ፕሪሚየሩና ስድስቱ ሚኒስትሮች ሲደመሩ ሰባት ናቸው። አፈ ጉባኤው ሲወጣ፣ ከካቢኔ ውጭ 11 አባላት ይቀራሉ። ካቢኔው ሁልጊዜ በቁጥር ያንሳል ማለት ነው። በጀት ለማጽደቅ ከ11ዱ የተወሰኑትን ማሳመን የግድ ነው። ሚኒስትር ማውረድም ይችላሉ። በ2020 አንዲት ሚኒስትር በምክር ቤቱ ድምፅ ከካቢኔ ወጥተዋል።

ተመራጮቹ የገቡበት የ2023 ምርጫ መጀመሪያ የታሰበው ለኦክቶበር 3 ነበር። ኦገስት ላይ ሰደድ እሳት መጣና የግዛቱ ዋና ከተማ፣ የምኖርባት «የሎውናይፍ»፣ ባዶዋን ቀረች። ወደ 20,000 ሰው ለቆ ወጣ። ከከተማዋ የሚያወጣው አውራ ጎዳና አንድ ብቻ ነው። እኛም በዚያው፣ በጭስ ውስጥ፣ የፊተኛውን መኪና መብራት እየተከተልን ወጣን። ቤታችን የገባነው በሴፕቴምበር ነው። ምርጫውም ወደ ኖቬምበር 14 ተገፋ።

ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ደጄን ሲያንኳኩ ጥያቄዬ አንድ ነበር። እሳቱ ቢመለስ መኪና የሌለው ሰው እንዴት ይወጣል? «ፓርቲያችን አቋሙ እንዲህ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ የሚመልሰው ሰውየው ራሱ ነው። አንዳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ረጅም ሰዓት አዳመጡኝ። መልስ እንደሌላቸው ነገሩኝ፤ ማስታወሻም ያዙ። ድምፄን የሰጠሁት ለእሳቸው ነው።

አሸነፉ፤ ካቢኔ ግን አልገቡም። ጎረቤቴ በዚህ ቅር አላት። ሚኒስትር ቢሆኑ ለሰፈሩ ይጠቅሙ ነበር ትላለች። እኔ አልተስማማሁም። ካቢኔ ቢገቡ ከካቢኔው ውሳኔ ጋር አብረው መቆም ነበረባቸው። አሁን ተነስተው ሚኒስትሮቹን በአደባባይ መጠየቅ ይችላሉ። ያንኑ ጥያቄዬን ትናንት በጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ፤ ከሚቀጥለው በጋ በፊት መልስ እንዲያስገኙልን።