የተሰረዘው ቀጠሮ

ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ነገሩ የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ የወንድ ገመና ተደርጎ ስለሚታይ ብዙዎቻችን አናወራውም። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምኖረው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሽንት ሌሊት ሌሊት ቶሎ ቶሎ እያስነሳ እንቅልፍ ነሳኝ። የሰፈራችን ሐኪም ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ አዘዘልኝ። ፒኤስኤ፣ ፕሮስቴት የተባለው ከወንድ ፊኛ በታች ያለው እጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። በካንሰር ብቻ አይጨምርም፤ እጢው በዕድሜ ሲያብጥ ወይም ኢንፌክሽን ሲይዘውም ይጨምራል። የእኔ ከፍ ብሎ ተገኘ። እዚህ አገር ከ8 ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ይይዘዋል። እኛ ጥቁሮች ላይ ሲሆን ከ4 አንዱ ነው። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ።

ከሆስፒታል ደብዳቤ መጣ። ባዮፕሲ ይላል። ስካን የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ በብዙ ቦታ አሠራሩ እንዲህ ነበር። የአልትራሳውንድ መሣሪያ በፊንጢጣ ይገባል፤ በዚያው በኩል መርፌ ከእጢው ከ10 እስከ 12 ቦታ ቅንጣት ሥጋ ቆንጥሮ ያወጣል። አልትራሳውንዱ እጢውን ያሳያል እንጂ ካንሰሩን አብዛኛውን ጊዜ ለይቶ አያሳይም። በጨለማ ጎተራ ውስጥ እጅ ሰዶ የነቀዘ ፍሬ እንደ መፈለግ ነው።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጇን ጫነችበት። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንተ ምራው» ብላ ጸለየች። የእኔ ጸሎት «አንሳልኝ» ብቻ ነበር። የቤት ኅብረታችን ወገኖችም ጾም ይዘው አብረውን ጸለዩ።

ቀኑ ሲቃረብ ስልክ ተደወለ። ቀጠሮው ተሰርዟል፣ ሌላ ቀን እናሳውቅሃለን ተባልኩ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። በጣም ተናደድኩ። ካንሰር ይኑርብኝ አይኑርብኝ ሳላውቅ ስንት ሳምንት ልቆይ ነው? ሰማይ የተዘጋ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን «ምራው ብለነው የለም እንዴ?» እያለች ታጽናናኝ ነበር።

በኋላ ስጠራ ያገኘችኝ ሌላ ሐኪም ናት። ፋይሌን አገላብጣ አየችና «መጀመሪያ ኤምአርአይ፣ መርፌው ከዚያ በኋላ» አለችኝ። ኤምአርአይ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ስካን ነው። ለምን እንደሚቀድምም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በዚያው ዓመት ፕሪሲዥን የተባለ ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። በ11 አገሮች 500 ወንዶች የተሳተፉበት ነው። ግማሾቹ እንደ ድሮው በቀጥታ ባዮፕሲ ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ ኤምአርአይ ቀደመ። ሕክምና የሚያስፈልገው ዓይነት ካንሰር ከመጀመሪያዎቹ በ26 በመቶው፣ ስካን ከቀደመላቸው ደግሞ በ38 በመቶው ላይ ተገኘ። ስካን ከቀደመላቸው 28 በመቶው የሚያጠራጥር ነገር ስላልታየባቸው ጭራሽ መርፌ አላስፈለጋቸውም።

ሌላም ምክንያት አላት። መርፌው ከቀደመ እጢው ውስጥ ደም ይቀራል። ደሙ እስኪጠፋ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ የስካኑን ምስል ያሳስታል።

ክንዴ ላይ መድኃኒት ተወግቼ፣ ያ ጠባብ ማሽን ጆሮዬ ላይ እየደበደበ፣ መዝሙር በልቤ እየዘመርኩ ኤምአርአዩን ተነሳሁ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የእጢው ፊት ለፊት ላይ፣ ከፊንጢጣ ርቆ፣ ጠቆር ያለ ነገር ተጋድሟል። ጥርጣሬው ከ1 እስከ 5 ሲለካ 5 ተሰጥቶታል። «እዚህ ቦታ ላይ ያለውን በፊንጢጣ የሚገባ መርፌ ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ያልፋል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያ የተናደድኩበት ቀጠሮ ባይሰረዝ ኖሮ ምናልባት «ምንም አልተገኘብህም» ተብዬ፣ ምስጋና ሰጥቼ፣ ካንሰሩን ይዤ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ሐኪሟ በፍርሃት መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ።

ባዮፕሲው አሁን ዒላማውን አውቆ ገባ። በፊንጢጣ ሳይሆን በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ነበር፤ በዚያ ሲሆን የኢንፌክሽን ስጋቱ አነስ ይላል። የካንሰሩ ክፋት የሚለካበት ነጥብ ግሊሰን ይባላል፤ የእኔ 7 ተባለ፣ 4 ሲደመር 3። ቀልድ አይደለም፤ ዝም ተብሎ የሚጠበቅ ዓይነት አልነበረም። ቀጥሎ የአጥንት ስካን ተነሳሁ። የሚያስጨንቀው ያ ነው፣ ወደ አጥንት መሄድ ይወዳልና። ንጹሕ ሆነ። ካንሰሩ ከእጢው አልወጣም። እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ዛሬ ፒኤስኤዬ መሣሪያ የማይለካው ያህል ዝቅ ብሏል።

የሚገርመው፣ ሌሊት ያስነሳኝ የነበረው የእጢው እብጠት ነበር። ካንሰሩ ራሱ ምንም ምልክት አልነበረውም።

«አጋጣሚ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ የማውቀው «ምራው» ተብሎ የተጸለየውን ነው፤ የሆነውም እንደዚያው ነው። የሐኪሟንም እጅ እግዚአብሔር ይባርክ። በ2019 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም የፕሮስቴት ካንሰር ለሚጠረጠርባቸው ወንዶች ኤምአርአይ ይቅደም ብሎ መከረ። ስሰማ እልል አልኩ። ሳይጸለይላቸው ለሚሄዱትም መንገዱ ተስተካከለ ማለት ነው።

እንግሊዝ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ 45 ከሞላችሁ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ስለ ፒኤስኤ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። የትም አገር ብትሆኑ «ባዮፕሲ» ስትባሉ፣ «ኤምአርአዩ አይቀድምም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልብ ላይ እንደሚተከል መሣሪያ ባለ ምክንያት ኤምአርአይ የማይነሳ ሰው አለ፤ ማሽኑ የሌለበት ቦታም አለ። መጠየቅ ግን ነውር የለውም። ውጤት እየጠበቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ የክርስትና ስማችሁም ይሁን የቤት ስማችሁ ይበቃኛል፣ ጻፉልኝ። እኔና ባለቤቴ ማታ ማታ እንጸልይላችኋለን። ስሙ ይባረክ።