ተረከዝ ቀለል ሲል

ጠዋት ጠዋት ተረከዙን የሚያመው ሰው ዛሬ ሳይወጋው ቢነሳ፣ አደጋው ገና ነው። «ተሻለኝ» ብሎ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግር ሴራሚክ ላይ ከዋለ ነገ እንደ ሚስማር ይወጋዋል። የውስጥ እግር ጅማት ሌሊቱን ተኮማትሮ ስለሚያድር ድንገት መቆም አይወድም። ስለዚህ ከአልጋ ሳይወርዱ የሚያመውን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ ጣል ማድረግ፣ ጣቶቹን በእጅ ወደ ቅልጥም ስቦ እስከ 10 መቁጠር፤ ይሄ 10 ጊዜ። በሌላው እጅ ውስጥ እግሩ ሲዳሰስ ጅማቱ እንደ ገመድ ካልተወጠረ አሳሳቡ ልክ አይደለም።

እግርን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ግን ይረሳል። ደረጃ ላይ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጣቶች ስር አድርጎ፣ ተረከዝን በ3 ሰከንድ ማንሳት፣ 2 ሰከንድ መቆየት፣ በ3 ሰከንድ ማውረድ። 12 ጊዜ፣ ቀን እየዘለሉ። ለውጡ የሚቆጠረው በወር ነው፣ አሰልቺ ነው እንጂ ይሠራል።