ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ተረፈች፦ የየካቲት 24 ምስክርነት

እግዚአብሔር ይመስገን! የካቲት 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል ነው። በዚሁ ቀን በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ለከተማችን የተደረገላትን መመስከር ዕዳችን ነው።

ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ የደርግ መንግሥት ጦር የሆነው የ3ኛው አብዮታዊ ሠራዊት 603ኛ ኮር መምሪያውን ባሕር ዳር አድርጎ ነበር። የጦር መምሪያ ያለበት ከተማ ዒላማ መሆኑ አይቀርም። የቦታው አቀማመጥም ያስፈራ ነበር፤ በሰሜን ጣና፣ በምሥራቅ ዓባይ። ከጎንደርም ከደብረ ታቦርም የሚመጣው መኪና ወረታ ላይ ይገናኝና ወደ ከተማ የሚገባው በዓባይ ድልድይ ነው። ጦሩ ድልድዩ ላይ ቢቆም ውጊያው የሚወርደው በየሰው ቤት ነበር።

የምእመኑ ልመና ይህ እንዳይሆን ነበር። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ነው፤ በምሕላው 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይባላል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል። የካቲት 24 ቀን 1982 ጦሩ ከተማዋን ጥሎ ወጣ። ሲዋጋው የነበረው ኢሕአዴግ ገባ፤ ግን ስንቅና ጥይት የሚያመጣበት መንገድ ስለረዘመበት አልቆየባትም፣ ለቆ ሄደ፤ መንግሥትም ተመልሶ ገባ።

በዓመቱ የኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስ የካቲት 16 ተጀመረ። በሳምንቱ፣ የካቲት 24 ቀን 1983፣ ባሕር ዳር በኢሕአዴግ እጅ ገባች። ዕለቱ እሑድ፣ ያውም መፃጉዕ ነበር፤ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ «ተነሥና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» የተባለበት ወንጌል የሚነበብበት። ይህን እንዲያው ገጠመኝ ነው ብለን ማለፍ አልቻልንም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዛሬም ይቀደስበታል፣ የዘጌና የደሴቶቹ ገዳማትም ከነመጻሕፍታቸው አሉ።

አንድ ነገር ግን ይታረም። አንዳንዱ ሲመሰክር «ደም ሳይፈስ» ይላል። ልክ አይደለም። በ1982ቱ ሽሽት ድልድዩ እንዲፈርስ የተደረገው ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ ነው፤ የሸሸው ጦር ግን ገና ተሻግሮ አላለቀም ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች በላዩ ላይ ነበሩ። የገበሬ ልጆች ናቸው፣ እናት ያላቸው። እኛ ስንተርፍ እነሱ ዓባይ ውስጥ ቀሩ። እነሱን የዘለለ ምስጋና ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ የካቲት 24 ለማስቀደስ የምትሄዱ ሁሉ፣ ጸሎተ ፍትሐት ስታስደርሱ እነሱንም አስቡ። ካህኑ የክርስትና ስም ይጠይቃል፤ አናውቀውም በሉ። «በዓባይ ድልድይ ያረፉት» ብላችሁ ስጡ፤ ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቃል።