ምጣዱ ላብራቶሪ ገባ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ዩኒቨርሲቲያቸው ያለውን የኢነርጂ ምርምር ማዕከል አሳየኝ። ትልቅ ማሽን ጠብቄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን የኛው ምጣድ! ተገልብጦ፣ ሽቦው ወጥቶ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 10 ዋት አምፖል 350 እንደማብራት ነው (እኔ ኮሪደር ላይ በበራች አንዲት አምፖል ልጆች እቆጣለሁ)።

"ጋሼ፣ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚህ ነው" አለኝ ሥሩን እየነካ። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ይቆያል፤ ከታች ደግሞ በደንብ አልተሸፈነም። እነሱ ሸክላውን ያሳሳሉ፣ ሥሩን ይሸፍናሉ፣ ይለካሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችማ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በፀሐይ ሙቀት እንጀራ መጋገርን ሞክረዋል።

ማታ የኛን ምጣድ ገልብጬ ሳይ ባለቤቴ ደረሰች። "ምን ነካህ? ሊጡ ኩፍ ብሏል እኮ!"