የዘበኛው ዱላ

ጊዜው ሐምሌ ነው። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ አልቀው እርሻው በሚጀምርበት አካባቢ ባለች የወጣቶች አዳራሽ፣ አንድ አማተር የቴአትር ቡድን የዱላ ድብድብ ያለበት ተውኔት ሊያሳይ መጥቷል። ድብድቡ 40 ሰከንድ ቢሆን ነው፤ 11 ምት፣ ሦስት ማፈግፈግ፣ አንድ መውደቅ። ሁለት ወር ተለማምደውታል። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ሲያሳዩ አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። በአምስተኛው ትርኢት ግን ስምንተኛው ምት የተከላካዩን ቅንድብ ከፈለው።

ተመልካቹ አጨበጨበ። ደሙ የእውነት መሆኑ ቀድሞ የገባቸው ከፊት መሬት ላይ የተቀመጡት ሕፃናት ናቸው።

«አጥቂው ስሜት ውስጥ ገብቶ ነው» ተባለ። መድረክ ላይ ሰው በተጎዳ ቁጥር መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ልክ አይደለም። ልጁ በልምምድ ከሚመታው በላይ አልመታም። የተቀየረው በእጁ የያዘው ነገርና የቆመበት ቦታ ነው።

ከዱላው እንጀምር። ልምምዱ ሁሉ የተሠራው በቀጭን ሽመል ነው። ሽመል ቀለል ይላል፣ ድምፁም ለመድረክ ያምራል፤ ክፉ ጠባዩ እየዋለ እያደረ በቁመቱ መሰንጠቁ ነው። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት ዱላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጠላ ጨርቅ ማሸት ነው፤ ጨርቁን የያዘበት ቦታ ላይ ስንጥር አለ ማለት ነው። የዚያን ቀንም አንዱ ሽመል በዚህ መንገድ ተፈትሾ ተጥሏል፤ እስከዚህ ድረስ ሥራቸውን በወጉ ሠርተዋል። መለዋወጫ ግን አልያዙም ነበር። ከተዋናዮቹ አንዱ ወደ አዳራሹ ዘበኛ ሄዶ «ጋሼ፣ ዱላዎን ለአንድ አፍታ ያውሱን» አለ። ሽማግሌው ሰጡት፤ «አደራ፣ እንዳትሰብሩብኝ» ብለው።

የዘበኛው ዱላ ወይራ ነው፤ ጫፉም በብረት ቀለበት ታስሯል። የተዋናይ ክንድ ምትን የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው በመቶ ጊዜ ድግግሞሽ ነው፤ ክንዱ ያጠናው ደግሞ የሽመሉን ክብደት ነው። ከበድ ያለ፣ በዚያ ላይ ክብደቱ ወደ ጫፉ ያመዘነ ዱላ ሲይዝ በዚያው ጉልበት ልያዘው ቢል ዱላው አልፎ ይሄዳል። የሚያልፈው አንድ ጋት ቢሆን ነው። ቅንድብ ለመክፈል አንድ ጋት ይበቃል።

ቀጥሎ መድረኩ። ልምምዱ የተሠራው ወለሉ ላይ በፕላስተር በተሰመረ 8 ሜትር ስፋት ነው። የአዳራሿ መድረክ 5 ሜትር ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ላይ ከግራና ከቀኝ ስፒከር ቆሞበታል። ሦስት እርምጃ ማፈግፈግ ያለበት ሰው ሁለተኛው ላይ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ነው፤ ከውጭ በጫማ የገባው ጭቃ አልተወለወለም። ዝናቡ ደግሞ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሁለት ሜትር የራቀ ሰው እንኳ አይሰማም።

ስምንተኛው ምት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በትክክል ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አጥቂው ዱላውን ከፍ አድርጎ ለአንድ አፍታ ይቆማል፤ ሁለቱ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ተከላካዩ ዱላውን በሁለት እጁ ሰፋ አድርጎ ይዞ ከግንባሩ በላይና ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያነሳል፤ የተከላካዩ ዱላ ቦታውን ሲይዝ ብቻ አጥቂው ይሰነዝራል። ማለትም ተከላካዩ ይቀድማል፣ አጥቂው ይከተላል። የምቱ ኢላማም ጭንቅላት አይደለም፤ በሁለቱ እጆች መካከል ያለው የዱላው ክፍል ነው፤ ጉልበቱም እዚያው ማለቅ አለበት። ርቀቱ ደግሞ የሚለካው አጥቂው ክንዱንና ዱላውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ነው፤ ጫፉ ከተከላካዩ ደረት አንድ ስንዝር ያህል መራቅ አለበት። ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ ምቱ አየር እንዲመታ ማለት ነው።

ተከላካዩ ሲያፈገፍግ ተረከዙ ስፒከሩን መታ። ወደ ፊት ተመለሰ፤ ያቺ ስንዝር ጠፋች። ጭቃው ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ ዱላውም አብሮት ዝቅ አለ። «ቁም!» ብሎ ጮኋል፤ ቡድኑ የተስማማበት የማቆሚያ ቃል ነው፤ ዝናቡ ዋጠው። አጥቂው ቀድሞ ዓይኑን አይቶ ስለነበር ምቱን ለቆታል። ሽመል ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይይዘው ነበር።

ይህን ሁሉ ቀድሞ ሊያሳይ የሚችለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ቀርቷል። ድብድብ ያለበት ተውኔት የሚሠራ ቡድን በየትርኢቱ ዕለት፣ ተመልካች ከመግባቱ በፊት፣ ድብድቡን በዚያው መድረክ ላይ፣ በዚያው ዱላ፣ በዚያው ጫማና ልብስ ይከልሳል። በመጀመሪያ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ምቶቹን ጮክ ብሎ እየቆጠሩ፤ ቀጥሎ ከትርኢቱ ትንሽ ዝግ ባለ ፍጥነት አንድ ጊዜ። የ40 ሰከንድ ድብድብ ክለሳ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የቡድኑ ሚኒባስ ግን ቃሊቲ ላይ በከባድ መኪና ሰልፍ ተይዞ ስለነበር ሲደርሱ ለትርኢቱ 25 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ያንን ደግሞ ድምፅ ሲሞክሩና ልብስ ሲለብሱ ጨረሱት። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ግልጽ ነው፦ ወይ ትርኢቱ ሩብ ሰዓት ይዘገያል፣ ወይ ድብድቡ ከመጋረጃ ጀርባ በድምፅ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው አማራጭ አስቀድሞ ተለማምዶ የሚያዝ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አይፈጠርም። ክለሳ ካልተደረገ ድብድቡ እንደማይካሄድ የሚወስነው ደግሞ የመድረክ አስተዳዳሪው ነው፤ ለአዘጋጁም ለተዋናዮቹም መተው የለበትም፤ እነሱ ሁልጊዜ «እንችላለን» ይላሉ።

የቁስ መቀየር ነገር የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ፣ በታላቁ ቡርግቴአተር መድረክ ላይ፣ አንድ ተዋናይ አንገቱን የሚያርድበትን ትዕይንት ሲጫወት የእውነት ደማ። ስለቱ የደነዘ መሆን የነበረበት ቢላ የተሳለ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ተርፏል። የጦር መሣሪያ ያለበት የአርበኞች ተውኔት የሚሠሩም «ባዶ ጥይት» በሚለው ስም አይሸንገሉ፤ እርሳስ የለውም እንጂ ባሩድ አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ በቴሌቪዥን ቀረጻ ላይ ባዶ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አስጠግቶ በቀልድ ተኮሰና ከቀናት በኋላ ሞተ። እርሳስ ሳይኖር ከአፈሙዙ የወጣው ኃይል የራስ ቅሉን ሰብሮታል።

ዱላ ስላለበት ሰው ይጠነቀቃል፤ በጥፊ ግን ይዘናጋል። በየአዳራሹ «እውነት እንዲመስል» ተብሎ የምር የሚያርፍ ጥፊ ስንት ነው! መዳፉ ጎድጎድ ብሎ ጆሮ ላይ ካረፈ የጆሮ ታምቡር ሊበሳ ይችላል። የመድረክ ጥፊ ፊት አይነካም፤ እጁ ከፊት ራቅ ብሎ ያልፋል፣ ድምፁን ለተመልካች በማይታይ በኩል ተመቺው ራሱ በእጁ ያጨበጭበዋል። ሁለቱ የሚቆሙበት አቅጣጫ ከተመልካቹ አንጻር ካልተስተካከለ ማታለሉ ይታያል፤ የምር ጥፊ የሚመጣውም ይህን ማስተካከል ከመሰልቸት ነው። ማነቅም እንደዚሁ፦ እጅ የሚያርፈው ጉሮሮ ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከትከሻ ወደ ደረት በሚዘረጋው አጥንት ላይ ነው፤ የሚታገለውም የሚያንቀውን እጅ ወደ ራሱ እየያዘ ነው። ጋቢ ለብሶ መደባደብ ደግሞ ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል፤ ጥለቱ ዱላ ላይ ይጠመጠማል፣ ሲወድቁም ይረገጣል።

ለከተማ ዳር አዳራሾች ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ የማቆሚያ ምልክቱ በቃል ብቻ አይሁን፤ ዱላን መጣልና ሁለት መዳፍ ማሳየት በዝናብም ይታያል። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ። በድብድብ መሃል ከጠፋ ሁለቱም ባሉበት ይደርቃሉ፣ የዱላቸውን ጫፍ ወደ መሬት ያወርዳሉ፤ ጄኔሬተሩ ተነስቶ መብራት ቢመጣም ከቆሙበት አይቀጥሉም፣ ከመጀመሪያው ምት ነው የሚጀምሩት።

የተጎዳውን ልጅ በተመለከተ፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። ትርኢቱ ቆመ። ንጹሕ ነጠላ አጥፈው ቁስሉ ላይ ሳያነሱ ለ10 ደቂቃ ያህል ተጫኑት፤ ቅንድብ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ትንሽ ቁስልም ብዙ ይደማል። አምቡላንስ በ907 ጠሩ፤ በዚያ ጭቃ መንገድ እንደሚዘገይ ሲያዩ በሚኒባሱ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ አድራሻውን ግን ማንም ቀድሞ ስላልጠየቀ መንገድ የመሩት ዘበኛው ናቸው። ተሰፋ። ማስመለስ፣ መደናገር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ካለ ቶሎ እንዲመለስ ተነግሮት አብሮት የሚያድር ሰው ተመደበለት። ስህተቱ አንድ ነው፤ «ፋሻ አድርጌ ልጨርስላችሁ» ሲል ለጥቂት ደቂቃ ተከራከሩበት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በዚያ ቀን ወደ መድረክ አይመለስም፤ ክርክርም አያስፈልገውም።

ቡድኑ አሁን ስድስት ሽመል ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉም በአንድ ሚዛን ተመዝነው የተመረጡ፣ መያዣቸው ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመባቸው። ቀይ ክር የሌለው ዱላ መድረክ ላይ አይወጣም። የወይራው ዱላ ደሙ ታጥቦ በዚያው ማታ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ እንደ አደራውም አልተሰበረም።