ለካሜራዬ የ10 ሜትር ገመድ ሠራሁለት

ግቢያችን ውስጥ እሬት አለ። አበባ ሲያወጣ ጠዋት ጠዋት አንድ ትንሽ ወፍ ይመጣበታል፤ ምንቃሩ እንደ መርፌ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ ላባው ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብለጨልጭ። ችግሩ እኔ በረንዳ ላይ ብቅ ካልኩ ወፉ የለም። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው አጭሩ ስለሆነ ካሜራውን አበባው ሥር ካላቆምኩት የሚወጣልኝ ነጥብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ የማነሳበት ሪሞት አስፈለገኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ገመድ አልባውን የካኖን ሪሞት፣ አርሲ-6ን ነበር። እሱ ግን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ከፊት ለፊት ካልጠቆሙት አይሰማም፣ ርቀቱም 5 ሜትር ገደማ ነው። እኔ የምደበቀው ከካሜራው ኋላ፣ መስኮት ውስጥ ነው። ባለገመዱ ሪሞት አርኤስ-60ኢ3 ደግሞ ገመዱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ። እሱንማ ከምገዛ በጣቴ ብጫነው ምን አለበት?

ደግነቱ የባለገመዱ ሪሞት ውስጥ ከማብሪያ በቀር ምንም የለም። ካሜራው ላይ የሚሰካው ጃኩ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ጃክ ሦስት ክፍል አለው፦ ግርጌው የጋራ መስመር፣ መሐሉ ፎከስ (ምስሉን የሚያጠራው)፣ ጫፉ ሹተር (ፎቶውን የሚያነሳው)። ግርጌውን ከመሐሉ ስታነካካው ፎከስ ያደርጋል፣ ከጫፉ ስታነካካው ያነሳል። በቃ። ስለዚህ ገመዱ 10 ሜትር ቢሆንም ካሜራው ግድ የለውም።

ያስቸገረኝ ጃኩ ነው። የሚያስፈልገው ቀጭኑ፣ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ መርካቶ ሄጄ ስጠይቅ ሁሉም የሚያወጡልኝ 3.5ቱን። አንዱ «ያው ነው ወንድሜ፣ ይገባል» አለኝ። አይገባም! ስትገዙ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት መኖሩን እዩ፤ አንድ ብቻ ካለው ፎከሱን የምታገናኙበት ቦታ የለም።

ለገመዱ ቤት ውስጥ የተረፈ የኔትወርክ ኬብል ነበረኝ። ውስጡ 8 ሽቦ አለ፣ እኔ የተጠቀምኩት 3ቱን ነው። ለመጫኛ ሁለት የበር ደወል ቁልፎች ገዛሁ፤ የመብራት ማብሪያ አይሆንም፣ ሲለቁት የሚመለስ መሆን አለበት። ካውያዬን አሙቄ ሦስቱንም ሽቦ በየድኩና ደስ ብሎኝ ቀና ስል የጃኩ ሽፋን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ገመዱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ፈታሁ፣ እንደገና በየድኩ።

በማግስቱ ገና ካሜራው ላይ ስሰካው ቸክ ቸክ ቸክ ቸክ! ማንም ሳይነካው፣ ያለማቋረጥ (ካሜራው በተከታታይ ማንሻው ላይ ነበር)። ሁለተኛውን ብየዳ ስጣደፍ የቀለጠው እርሳስ ግርጌውን ከጫፉ ጋር አገናኝቶት ኖሯል። ወፉ አይደለም፣ እርግቦቹም ግቢውን ለቀቁ። ቴስተር ይዤ ከመሰካቴ በፊት ብፈትሸው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሁን ሌንሱን ማንዋል ላይ አድርጌ ፎከሱን አበባው ላይ ቀድሜ በእጄ አስተካክለዋለሁ፤ ወፉ ሲመጣ ሌንሱ ዝዝ እያለ እንዳያባርረው። የፎከሱ ቁልፍ ግን ትርፍ አልሆነም፤ ካሜራው ሲተኛ የምቀሰቅሰው በሱ ነው። በሦስተኛው ቀን 40 ያህል አንስቼ 3 ደህና አገኘሁ፣ አንዱ ላይ ምላሱ ሳይቀር ይታያል።

እናቴ ፎቶውን አሳየኋት። አየት አደረገችና «ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ገመድ ከልብስ ማስጫዬ ላይ የሚነሳው መቼ ነው?»